ድሪቶ የተባለችው የብቸና መኪና

«ገና ዲግሪሽን ከያዝሽ ዓመት ሳይሞላሽ ምን ትዝታ አለሽ?» ይሉኛል። ትዝታ ለመጻፍ ሽበት ያስፈልጋል የሚል ሕግ መቼ እንደወጣ አላውቅም። እኔ ያደግኩባት ብቸና ዛሬ የለችም፤ የሌለ ነገር ደግሞ ከጠፋ አሥር ዓመትም ይሁነው ሃምሳ፣ ያው የሌለ ነው። ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር ስመለስ ሚኒባሱ ሞጣ መናኸሪያ አራገፈን። አጠገባችን አንድ የእህል መኪና ገና መቆሙ ነበር፤ የጋለ ፍሬን ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። አብራኝ የመጣችው ሴትዮ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ መኪናው ተጠጋሁ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ አየኝና «እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። «የለም፣ እያሸተትኩ ነው» አልኩት። እንደ እብድ ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም። እኔ በዚያ ሽታ ነው ያደግኩት።

ያኔ ብቸና አስፋልትን የምታውቀው በወሬ ነው። ከሞጣ በደብረ ወርቅ አድርጎ የሚመጣው መንገድ ጠጠር ነበር፤ አውቶቡስ ሲገባ መጀመሪያ አቧራው ይታያል፣ ቀጥሎ ጡሩምባው ይሰማል፣ ራሱ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። አንድ ብር ይዞ ከቤት የወጣ ልጅ በዚያ ቀን ጌታ ነው፤ ዳቦ ይበላል፣ ከረሜላ ይገዛል፣ የተረፈውን ደግሞ ሲያሳይ ይውላል። ሁላችንም ኮንጎ ጫማ ነበር የምናደርገው፤ ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅላል፣ ሲበጠስ በጋለ ቢላ ይበየዳል። ትልልቆቹ ወንዶች ከሠራዊቱ የተረፈውን አረንጓዴ ካፖርት በጋ ከክረምት ይለብሱታል። ከዳቦ ቤቱ ጥግ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረችው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እሷኑ ያጫውታል። ክሩ ከመላላቱ የተነሳ የዘፋኟ ድምፅ ቀስ በቀስ የወንድ ሆኖ ነበር። እኛ ግን ግጥሙን በቃላችን ስለያዝነው ማን ይዝፈነው ማን ግድ አልነበረንም። አሁን እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል ቤት ተከፍቷል። ሦስት ድምፅ ማጉያ ደርድሯል፣ አንዱንም ዘፈን እስከ መጨረሻው አያሰማም።

የአባቴ ጋራዥ ከእህል ተራ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ ነው። አባቴ ጌትነት የሠራዊቱ መካኒክ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እሱም ከሰሜን አብዛኛውን መንገድ በእግሩ መጥቶ ብቸና ገባ። የሚያውቀው ነገር ቢኖር የራሺያ መኪና ነው። የተማረው ከራሺያ አስተማሪ ስለሆነ መፍቻን «ክሉች» ነው የሚላት። እኔም አገሩ ሁሉ እንደዚያ የሚላት እየመሰለኝ አድጌ ዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ውስጥ «ክሉቹን አቀብሉኝ» ብዬ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስሜ ክሉች ሆኖ ቀርቷል። ይሁን። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ጥርስ ሳያበቅል የካምቢዮ፣ የማርሽ ሣጥን ማለቴ ነው፣ ሽታ ያወቀ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚያ ዘመን የወታደር መኪና በየቦታው ወድቆ ነበር። ጨረታ ይወጣል፣ ሰው ይገዛል፣ ቆርጦ በር ይሠራል፣ ድልድይ ይሠራል፣ የአጥር ምሰሶ ያደርጋል። መለዋወጫ የሚባል የለም፤ መኪናዎቹን የሠራው አገር ራሱ ፈራርሷል ይባል ነበር። አባቴ እኔ በተወለድኩበት ዓመት ሁለት የሞቱ የራሺያ መኪናዎች በጨረታ ገዛ፤ እማዬ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣለች። የአንደኛዋ ሻንሲ፣ የታችኛው አጥንቷ፣ ደህና ነበር፣ የሌላዋ ደግሞ ካቢና። ሞተራቸው ቤንዚን እንደ ውሃ የሚጠጣ ስለነበር አውጥቶ ጣለውና አንድ የጣሊያን ናፍጣ ሞተር ከደብረ ማርቆስ አስመጣ። የጣሊያን ሞተር የራሺያ ሻንሲ ላይ አይቀመጥም። አባቴ አስቀመጠው። እንዴት እንዳስቀመጠው ዛሬ ሥር ገብቼ ሳየው ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ያስቀኛል፣ ግን ሞተሩ እስካሁን ቦታው ላይ ነው። ሥራው ዓመታት ፈጀ። ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፣ ሲጠፋ የሰው መኪና ይጠግናል። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ መኪናዋም በጎማዋ ቆመች።

የቀረው የጭነቱ ሣጥን ነበር፣ ካሶኒው። ለእሱ ጋሼ አላምረው ተጠሩ። ጋሼ አላምረው ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት የሠሩ አናጢ ነበሩ፤ ሚስማር ይጠላሉ፣ እንጨትን ከእንጨት ቦርቡረው ነው የሚያጋጥሙት። አባቴ መለኪያውን ነገራቸውና ትርፍ ጎማ ፍለጋ ማርቆስ ሄደ። ሲመለስ ካሶኒው አልቆ ጠበቀው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ከኋላ ባለ ሁለት ተካፋች በር ነው፤ ጋሼ አላምረው በአንድ ጣታቸው ሲገፉት ያለ ድምፅ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር። ሰው እልል አለ። ባዶ መኪና ላይ በር ወደየት እንደሚከፈት የሚያስብ ማን አለ? አባቴ እንኳን፣ መካኒኩ፣ በሩን ሁለቴ ከፍቶ ዘግቶ «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ነው የገባው።

ያኔ ከሞጣ እስከ ደጀን እህል የሚጭነው ትልቁ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። የሞጣ ሰው ናቸው፣ በየገበያው ብቸና ይመጣሉ፣ ሁለት ከፋብሪካ የወጡ መኪናዎች አሏቸው፣ ግን ጭነቱ ሁሌ ከመኪናቸው ስለሚበልጥ የሰው መኪናም ይከራያሉ። እሳቸው ያልጫኑትን መኪና ሌላ ነጋዴ አይጭነውም። አባቴ ሄዶ ለመናቸው። መጡ፣ ከዘራቸውን ይዘው መኪናዋን ዞሩ። ጎማውን በከዘራቸው መቱት።

«ጌትነት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው ሐጂ።»

«የማን አገር መኪና?»

«ሻንሲው የራሺያ፣ ሞተሩ የጣሊያን፣ ካሶኒው የብቸና።»

ሐጂ ወደተሰበሰበው ሰው ዞር አሉ። «መኪና አይደለም፤ ድሪቶ ነው። ድሪቶ ደግሞ ይለበሳል እንጂ እህል አይጫንበትም።» ሰው ሳቀ። እኔም መሳቄ ትዝ ይለኛል፤ ሰው ሲስቅ ልጅ ምን ያደርጋል። ሐጂ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ግን አንዴ ከተናገሩ አይመለሱም። «የዓባይን በረሃ ሙሉ ጭነት ይዛ ትውጣና እኔው ራሴ እጭናታለሁ» አሉ። «ካልወጣች ግን ቆርጠህ በኪሎ ሽጣት። ብረቱስ ብረት ነው።»

አባቴ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «እሺ» አለ። አንድ ቃል ናት፣ ግን በዚያች ቃል ስንት ዓመት የለፋበትን ነገር አንገት ገመድ ውስጥ አስገባ። ብቸና ውስጥ ሰው ፊት «እሺ» ያለ ሰው ወደኋላ አይልም። በማግስቱ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ወጣና በግንባሯ ላይ በትልልቅ ፊደል «ድሪቶ» ብሎ ጻፈባት። እማዬ «አብደሃል?» አለችው። «እነሱ ከሚሉኝ እኔው ልበላቸው» አላት።

መኪናዋ አለች፣ ጭነቱስ? ሙሉ ጭነት ይዘሽ ውጪ የተባለች መኪና ማንም አይጭናትም። ይሄኔ ነው እማዬ የገባችበት። እማዬ፣ ስሟ የሺ ነው፣ እህል ተራ ውስጥ በቁና ጤፍ የምትሸጥ ሴት ናት፤ እህል ተራ ያሉትን ሴቶች ሁሉ ታውቃለች። አንዷ ጋ ትሄዳለች፣ «አንድ ጆንያ ስጪኝ፣ አዲስ አበባ በደህና ዋጋ ሸጬ አመጣልሻለሁ» ትላታለች። ሌላዋ ጋ ትሄዳለች። «የሺ፣ በድሪቶ ነው እንዴ የምትወስጂው?» ሲሏት «አዎ፣ በሐጂ መኪናማ ወስዶልሽ የሚያውቅ አለ?» ትላለች። እውነቷን ነበር፤ ነጋዴው ከሴቶቹ በርካሽ ገዝቶ ነው የሚጭነው፣ የእነሱን ጆንያ በስማቸው ጭኖላቸው አያውቅም። ከየጁቤ የመጣችው እትዬ ጥሩወርቅ ሦስት ጆንያ ሰጠችና «ጤፌ ያለ እኔ አይሄድም» ብላ ራሷም ካቢና ውስጥ ገባች። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እናቴ ጭን ላይ ተቀመጥኩ። ጫኞቹ ካሶኒውን ሞሉ፣ ለበሩ ትንሽ ቦታ ተውና ዘጉት፣ የቀረውን ጆንያ ከላይ እየጣሉ ክፍተቱን ጠቀጠቁት። አንዱ ጫኝ «ይቺ በር ትንሽ አስቸገረችን» አለ። አስቸገረችን አለ እንጂ እንዴት እንደምትከፈት የጠየቀ የለም።

ከደጀን በኋላ አባቴ የዓባይን ቁልቁለት በማርሽ እየያዘ፣ በየኩርባው እየቆመ ፍሬን እያበረደ አወረደን። ያ ሽታ ያኔ ነው የገባብኝ። ዓባይ ድልድይን ስንሻገር እትዬ ጥሩወርቅ አማተበችና «ወንዙ ራሱ ከዚህ መውጫ ስላጣ ነው እየዞረ የሚሄደው» አለች። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል። ድሪቶ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች፣ ወጣች፣ ግማሽ ላይ ስትደርስ ውሃዋ ፈላና ቆመች። አባቴ ዘሎ ወርዶ ታኮ አስገባ፤ ታኮ መኪና ወደኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚወተፍ እንጨት ነው። ሁላችንም ወረድን። ወዲያው ከኋላችን ከሐጂ መኪናዎች አንዱ ደረሰ። ሹፌሩ ከማል አንገቱን አወጣ።

«ጋሽ ጌትነት፣ ድሪቶ ላብ አላባት?»

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለ አባቴ።

ከማል ከጎናችን አልፎ ፊት ለፊት ቆመና ወረደ። ጥሩ ልጅ ነበር። «እኔ ግማሽ ጭነት ነው የያዝኩት» አለ። «ከናንተ ላይ የተወሰነውን ወደ እኔ ገልብጡና ትወጣለች። ለሐጂ አልናገርም።» አባቴ ወደ ኋላ ሄደና መቀርቀሪያውን አነሳ፣ በሩን ገፋ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ከማልም ገፋ። ዳገት ላይ ያለ ጭነት ሁሉ ወደ ኋላ ተጭኖ በሩ ላይ ተኝቷል፤ በሩ ደግሞ ወደ ጤፉ ካልሆነ ወዴትም አይከፈትም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባቸው። ከላይ ይውረድ ቢባል፣ በዚያ ሙቀት ኩንታል ጤፍ በግድግዳ ላይ አንጠልጥሎ የሚያወርድ ጉልበተኛ በረሃ ውስጥ ከየት ይመጣል? ከማል ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። «ጋሽ ጌትነት፣ ይሄ በር ለቅዳሴ ነው ለጤፍ?»

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። «በቃ» አለ። «ቆርጬ እሸጣታለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ቁጭ ብለህ ነው የምትሸጣት?» አለችው። «የአሥራ ምናምን ሴት ጤፍ ውስጧ አለ። ጤፉንም በኪሎ ልትቆርጠው ነው? ውሃውን አቀዝቅዝና ግባ። ታኮውን እኔ እይዛለሁ።»

«የሺ፣ ጎማ ሥር ነው የምትገቢው።»

«አውቃለሁ ወዴት እንደምገባ።»

ከማል ቆሞ ትንሽ አየንና ሄደ። እኛ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ አባቴ ገባ፣ እናቴ በአንድ ጎን እትዬ ጥሩወርቅ በሌላ ጎን ታኮ ይዘው ቆሙ። ሞተሩ ይጎትታል፣ ድሪቶ ጥቂት ትራመዳለች፣ ስትደክም ሁለቱ ሴቶች ታኮውን ከጎማው ሥር ይወትፋሉ፣ እሷም ተደግፋ ትተነፍሳለች። እንደገና። እንደገና። የሚያልፉን መኪናዎች ጡሩምባ ይነፉብናል፣ «ድሪቶ» እያሉ ግንባሯን ያነቡልናል። እትዬ ጥሩወርቅ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራት፤ እዚህ የማልጽፈው። እኔ ከመንገዱ ዳር እየሄድኩ «መቼ ነው የምንደርሰው?» እላለሁ፤ ያኔም ትዕግሥት አልነበረኝም። ፀሐይ ወደ መግባቷ ሲል ሽቅብ ያለው መንገድ ጠፋ። ጎሃ ጽዮን ነበርን። የእናቴ መዳፍ በእንጨቱ ተልጦ ነበር፤ ውሃ አስመጣችና ታጠበች፣ ከዚያ «ለልጅቷ ዳቦ ግዙ» አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም፤ አንድ ነገር ስላናደደኝ። ዘንድሮ አንድ የከባድ መኪና መገጣጠሚያ ለሥራ ፈተና ጠርቶኝ ነበር። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ መኪናው በሣጥን ታሽጎ ይመጣል፣ እነሱ ቡሎን ያጠብቃሉ። ጠያቂው ክራቫት አድርጓል። «የመገጣጠም ልምድ አለሽ?» አለኝ። ስለ ድሪቶ ነገርኩት። ሳቀና «እሱማ ጥገና ነው» አለ። ከሣጥን አውጥቶ ቡሎን ማጥበቅ ማምረት ከሆነ፣ ሁለት ሬሳ አንስቶ አንድ ነፍስ ያለው ማድረግ ጥገና የሆነው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሥራውን አላገኘሁም። አይቆጨኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ድሪቶም ዛሬ እኛ ግቢ ቆማለች፤ አስፋልቱ ሲገባ፣ የቻይናው ሲኖ መኪና ሲበዛ፣ ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ሲጠብቅ ጡረታ ወጣች። ብረት ገዢዎች በየጊዜው ይመጣሉ፣ የግቢውን በር ያንኳኳሉ። የምከፍተው እኔ ነኝ። የምዘጋውም እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ጤፉ ከላይ፣ በግድግዳው እየተንጠለጠለ፣ በተሸካሚዎች ስድብ ወረደ። በደህና ዋጋም ተሸጠ። ብቸና ስንመለስ ግን ከማል ቀድሞን ነበር፤ ከተማው ድሪቶ በረሃ ውስጥ ቀርታለች ብሎ ጨርሷል። አንድ ጎረቤታችንማ ለማጽናናት ቤት መጥታ እማዬን ስታይ ደነገጠች። ጋሼ አላምረው ተጠርተው በሩ ተነገራቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው» አሉ። «ወደ ውጭ የሚከፈት በር የት አይታችኋል?» አባቴ እየለመነ በሩን ወደ ውጭ አስገለበጣቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ግን በኛ እንጂ በሩ ላይ ስህተት አላገኙም።

በሚቀጥለው ገበያ ድሪቶ እህል ተራ መሐል ቆመች። ሐጂ ሰይድ መጡ። ጆንያዎቻቸው ከጥግ ተከምረዋል፣ አንደኛው መኪናቸው ጎማ ፈንድቶበት ደብረ ወርቅ ቀርቷል። ሰው ምን እንደሚሉ ለመስማት ተጠጋ።

«ጌትነት፣ ወጣች ይሉኛል» አሉ። «ከማል ግን አይቷል። ዳገት ላይ እንደቆመች አይቷል። ከዚያም የወጣችው በታኮ ነው። በታኮ የወጣ ወጣ አይባልም።»

እማዬ ከቁናዋ አጠገብ ሆና ቀና አለች። «ሐጂ፣ እርስዎ መስጊድ የሚሄዱት በከዘራ ነው» አለች። «አልደረሱም ያለዎት ሰው አለ?»

ሐጂ ከዘራቸውን አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። «ይቺን ሴት ነው ታኮ ያደረግካት ጌትነት? እንግዲህ መውጣቷ አይገርምም» አሉ። «በል፣ ቃሌ ቃል ነው። ጫኞቹን ጥራና የኔን ጆንያ ያንሱ።»

አባቴ ወደ ጫኞቹ ሊዞር ሲል እማዬ እጇን አነሳች። «ሞልታለች» አለች።

«ማን ሞላት?»

እማዬ ወደ ካሶኒው አመለከተች። ከባለፈው የበለጡ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዷ በአህያ፣ አንዳንዷ በራሷ ተሸክማ። እትዬ ጥሩወርቅ ከላይ ሆና እየተቀበለች ትደረድራለች።

«የሺ፣ እኔን ሰይድን ተራ ጠብቅ ልትዪኝ ነው?»

«አዎ ሐጂ። ለሚቀጥለው ገበያ ከእነዚህ ቀጥሎ እርስዎ ነዎት።»

ሐጂ ሰይድ መኪናዋን አዩ፣ ሰልፉን አዩ። ከዚያ ሄዱና የራሳቸው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አንድ ልጅ ጠርተው ሻይ አዘዙ፤ ልጁ ሲሄድ መልሰው ጠሩትና «ሁለት አድርገው፣ አንዱን ለየሺ» አሉት።